የኅሊና ጸሎት ያደረግንላቸው ሰው አጠገቤ ቆመው ነበር

ለተከበሩ አቶ መልከጸዴቅ፣
በሲያትልና አካባቢው የ«ደጉ ዘመን» የፊልም ፌስቲቫል አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ይልቁንም መድረክ ላይ ከወጣ መውረድ ለማያውቀው ብርቱ ጉልበትዎና ውኃ ሳይቀምስ ያን ያህል ለሚናገረው ጉሮሮዎ ረዥም ዕድሜ እመኛለሁ። ይህን ምኞቴን በጽሑፍ ማስፈሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኮሚቴዎ አሠራር አንድ ሰው በሕይወት መኖሩን አስቀድሞ ካላስመዘገበ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ባለፈው ወር በዐይኔ አይቻለሁና።

እኔ ሣህሊቱ ሕዝቅኤል እባላለሁ። የምኖረው ሬንተን ሲሆን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። የፊልም ምሁር አይደለሁም፤ ነገር ግን ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ድረስ አውቶቡሴን ፓርክ አድርጌ በስልኬ ያላየሁት የአማርኛ ፊልም የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስለዚህ ቅሬታዬን የማቀርበው እርስዎ «ውድ ተመልካቾቻችን» እያሉ ከሚጠሯቸው፣ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ግን ተጠይቀው ከማያውቁት ሰዎች እንደ አንዷ ሆኜ ነው።

አንደኛ። በዚያች እሑድ ከሰዓት በመጀመሪያ ስላሳዩን ፊልም ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሀብታም ሆኖ ወደ ልጅነት ሰፈሩ የተመለሰው ሰውዬ የግቢውን በር አይቶ አለቀሰ፤ የውኃ ቧንቧውን አይቶ አለቀሰ፤ የትምህርት ቤቱን ደወል ሲያይ ግን አላለቀሰም፤ ለካ ስልክ ተደውሎለት ነው። ያች ሰማያዊ ቮልስ፣ በዚህ ዓመት በወጡት ፊልሞች ሁሉ «ያ ደጉ ዘመን» በተባለ ቁጥር ከች የምትለዋ፣ አሁንም ታጥባና ተወልውላ መጥታለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቢፈቀድልኝ፣ ሰልፉ የት ሄደ? እኔ በዚያ ዘመን ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ለስኳር ተሰልፌ ስቆም ከፊቴ የነበሩትን ሴቶች ጀርባ ነው። በእናንተ ፊልም ግን ሁሉም ሰው ስኳሩን በብርጭቆው እያማሰለ ይሣሣቃል፤ በሩ ሲንኳኳ የሚደነግጥ አንድም አባወራ የለም። እርግጥ ነው፣ የሚደነግጥ ሰው ካለ ሙዚቃው አይጥምም።

ሁለተኛ። ሩመይሳ የምትባል፣ ታኮማ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራና በዕረፍት ቀኗ ፊልም የምትቀርጽ ወጣት፣ አባትና ልጅ ፍሪዌይ ላይ መኪና ውስጥ ሆነው እሱ በአማርኛ እሷ በእንግሊዝኛ ሲጨቃጨቁ የሚያሳይ አጭር ፊልም ልካላችሁ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ስጨርሰው ለልጄ ደውዬ ያለ ምክንያት «እንዴት ነሽ?» አልኳት። ኮሚቴዎ ግን «ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ትዝታ የለበትም» ብሎ መልሶላታል። ዛሬ የሚኖር ሰው ዛሬን ስላሳየ ያሳፈራችሁበትን ይህን ጥበብ ማድነቅ የምተወው ለሌላ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ጉዳይ ሌሎቹን ሁሉ ስለሚያስረሳኝ ከእንግዲህ በቁጥር መሄዱን ትቼ የሆነውን እንደሆነው ልነግርዎት እገደዳለሁ።

ጋሽ ብዙነህን ያውቋቸዋል። ይቅርታዎን፣ ፎቶግራፋቸውን ያውቁታል። ከብዙ ዓመታት በፊት «የመጋዘኑ ዘበኛ» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዘበኛውን ሆነው የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሾርላይን ከልጃቸው ከአክሱማዊት ጋር ይኖራሉ። እሷ እሑድ እሑድ ሆስፒታል ተረኛ ስለሆነች፣ ድራማው እንደገና ተሠርቶ በእናንተ ፌስቲቫል ሊታይ መሆኑን ሲሰሙ ሥራዋን እንዳትተው ብለው ሳይነግሯት እኔ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ወጣቱ ተዋናይ ሲያስቡ ነበር። «ዘበኛው ሲቆም አንድ እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው ስለሆነ። ልጁ ይህን አግኝቶት ይሆን?» አሉኝ። አንድም የቅናት ቃል አልወጣቸውም።

አዳራሹ ስንደርስ የፊት ወንበሮች ሁሉ ሪባን ታስሮባቸው ስለነበር ኋላ ተቀመጥን። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ የድራማው ባለቤት ከስፖንሰሩ መኪና ሻጭ ኋላ መቀመጥ እንደሚገባቸው እኔ ብሆን አላስብም ነበር። ስልካችንን እንድንዘጋ ሲያዙ ጋሽ ብዙነህ ሕግ አክባሪ ናቸውና ወዲያው አውጥተው «ዝጊልኝ ልጄ» አሉኝ። የሳቸውንም የኔንም ዘጋሁ።

አዲሱን «የመጋዘኑ ዘበኛ» በተመለከተ ያለኝን አስተያየት አሳጥሬ ላቅርብ። የዘበኛው ካፖርት ከፋብሪካ የወጣ ዛሬ ጠዋት ይመስላል። መጋዘኑ በጆንያ ጢም ብሏል። በመጀመሪያው ድራማ፣ እርስዎም በዕድሜዎ እንደሚያስታውሱት፣ ተቆጣጣሪዎች መጥተው መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን በዘበኛው ላይ ሊደፈድፍ ይሞክራል፤ ዘበኛውም ቀና ብሎ «ቁልፉ እኔ ዘንድ አለ፤ እህሉ ያለበትን ግን እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል። በማግስቱ ይህን ያላለ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ እናቴ የቡና ቁርሱን ማን ነካው ብትለኝ እሱን መልሼላት በጥፊ ተመትቼበታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ድራማው በሚታይበት ሰዓት በምትኩ የወታደር ማርሽ ተሰማ፤ ጋሽ ብዙነህም ከመድረክ ወርደው ይሠሩበት በነበረው ቴአትር ቤት ዕቃ ክፍል ተመደቡ። ከዚያ ወዲያ ቴሌቪዥን ላይ አልታዩም።

በአዲሱ ፊልም ይኸው ዘበኛ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ሥራ አስኪያጁን አቅፎ «ቁልፉም አለ፣ እህሉም ሞልቷል፤ ዘመኑ የፍቅር ነው!» ይላል። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ብዙነህ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «እንዲህ ነበር እንዴ ያልኩት?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም ጋሼ!» አልኳቸው።

«እኔም አይመስለኝም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እርግጠኛ አልነበረም። ክቡር ሊቀ መንበር፣ አንድ ሽማግሌ ዋጋ የከፈለበትን ቃል በራሱ አፍ የተናገረው መሆኑን እንዲጠራጠር ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እናንተ ግን በጥሩ ካሜራና በሚያምር ብርሃን ተወጥታችሁታል።

ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ዋሽንት ተነፋ፣ እርስዎም በዚያ ለሐዘን ብቻ በሚያስቀምጡት ድምፅ «አሁን ደግሞ ከደጉ ዘመን ተዋንያን መካከል በሞት የተለዩንን እናስባለን» አሉ። ሦስተኛው ፎቶግራፍ የጋሽ ብዙነህ ነበር፤ ወጣት ሆነው፣ የዘበኛውን ካፖርት ለብሰው፣ ከጎናቸው ሻማ እየተንቦገቦገ። «አፈሩ ይቅለላቸው። ሁላችሁም ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ቁሙልን» አሉ።

ሁላችንም ቆምን። ጋሽ ብዙነህም ቆሙ። ዐይናቸው ከሩቅ አያይላቸውም፤ ስማቸውንም በዋሽንቱ መካከል አልሰሙም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ለራሳቸው ነፍስ ጸለዩ። እኔ መሳቅም መጮኽም አቅቶኝ እጃቸውን ያዝኩ።

«ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ጋሼ… እርስዎ ነዎት።»

ባርኔጣቸውን ከደረታቸው አወረዱ። ቀጥለውም በጣም በቁም ነገር «መቼ?» ብለው ጠየቁኝ።

ክንዳቸውን ይዤ በመተላለፊያው ወደ ፊት ወሰድኳቸው። መድረኩ ሥር ደርሰው «ይቅርታ፣ እኔ እኮ አለሁ» አሉ፤ ትሕትናቸው የሚገርም ነው፣ ስለ አለመሞታቸው ይቅርታ ጠየቁ። እርስዎም ጎንበስ ብለው የሰጡት መልስ መቼም አይረሳኝም፦ «አባባ፣ ጥያቄና አስተያየት መጨረሻ ላይ ነው፤ ይቀመጡልን።»

ያኔ ነው እኔ የጮኽኩት። ያ ጩኸት ጨዋነት የጎደለው ነበር ብለው ለኮሚቴው እንደተናገሩ ሰምቻለሁ። ልክ ነዎት። አውቶቡስ ውስጥ ልጆች ቀበቷቸውን ሲፈቱ የምጮኸው ጩኸት ነው፤ ሌላ የለኝም። «ሰውየው እኮ እሳቸው ናቸው! ፎቶውንና ሰውየውን እዩ!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት እናት እልል አለች፣ ሌላዋ አለቀሰች። እርስዎ ግን አልደነገጡም፤ ማይኩን አንስተው «ተአምር! በደጉ ዘመን ፌስቲቫል ተአምር ተደረገ!» አሉና ጋሽ ብዙነህን መድረክ ላይ አወጧቸው። በሱፋቸው ላይ ያንን አዲስ ካፖርት ደረቡባቸው፣ ከወጣቱ ተዋናይ አጠገብ አቆሟቸው፣ «በሉ አባባ፣ ያችን ተወዳጅ ንግግር ለላይቩ አንዴ ይበሉልን» አሏቸው።

«የቷን? በሕይወት ሳለሁ ያልኳትን ነው፣ ወይስ ከሞትኩ ወዲህ ያልኳትን?»

ሰው ሳቀ። እርስዎም ሳቁና «ያው ነው አባባ፣ ብቻ አጠር ይበል» አሉ።

ያው አልነበረም። ጋሽ ብዙነህ ካፖርቱን ቀስ ብለው አወለቁት። ክብደታቸውን አንድ እግራቸው ላይ ጣሉ። በመኪናዬ ውስጥ ሲያወሩ የነበሩት የደከሙ ሽማግሌ የት እንደገቡ አላውቅም፤ እርስዎን ትክ ብለው እያዩ «ቁልፉ እኔ ዘንድ አለ፤ እህሉ ያለበትን ግን እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። በዚያ ዘመን የኖሩት ሁሉ ከየወንበራቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ወጣቱ ተዋናይ ራሱ፣ እግዜር ይስጠው፣ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም «ይህን ካልኩ በኋላ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ» ብለው ሲጀምሩ ማይኩ ተዘጋ። «ሶ፣ ይቅርታ፣ ቴክኒካል ፕሮብሌም ገጥሞናል» አሉን። ይህንንም የነገሩን በዚያው በተበላሸው ማይክ ነበር።

እስከዚህ ያለውን ለጨዋታ እንኳ ልተውልዎ እችል ነበር። የማልተወው ቀጥሎ የመጣውን ነው።

ዝግጅቱ ሁሉ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ታኮማ ያለች የአክሱማዊት የአክስት ልጅ ፎቶውንና ሻማውን አይታ፣ «አፈሩ ይቅለላቸው» የሚለውን ከአፍዎ ሰምታ፣ እየጮኸች ሆስፒታል ደወለችላት። አክሱማዊት በሽተኛ ታነሣ ነበር። ወደ አባቷ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወደ እኔ ደወለች፤ ዝግ ነው። እርስዎ ዝጉ ብለውናላ። እንዴት እንደነዳች እንደማታውቅ ነግራኛለች። ቤት ስትደርስ አባቷ የሉም፤ አልጋቸው ተነጥፏል፣ የአዘቦት ጫማቸው አልጋው ሥር ነው፣ ሱፋቸው ከቁም ሣጥኑ የለም። ሱፉ አለመኖሩን ስታይ ምን እንዳሰበች ልጽፈው አልፈልግም።

ስንደርስ በሥራ ልብሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘናት። እያለቀሰች አልነበረም፤ መንገዱን ብቻ ታይ ነበር። ጋሽ ብዙነህ ከመኪናዬ ሲወርዱ አይታ ተነሣች፣ መጥታ የኮታቸውን ክሳድ በሁለት እጇ ጨመደደች፣ «አባዬ፣ ስልክህስ? ስልክህ የት ነው?» አለች።

«ዝጉ ሲሉን ዘጋሁት» አሏት።

ያኔ ሳሩ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እሳቸውም ከሱፋቸው ጋር አጠገቧ ተቀምጠው «አለሁ እኮ፣ አለሁ እኮ» ሲሏት ቆዩ። እኔ መሪውን ይዤ እርስዎን ነበር የማስበው። ምን እያሰብኩ እንደነበር ግን የዚህ ደብዳቤ ጨዋነት አይፈቅድልኝም።

በማግስቱ ኮል አደረግኩልዎት። «ሶ ሲስተር፣ ሆን ብለን አይደለም፤ ፎቶውን የሰበሰበው ቮሊንቲየር ነው» አሉኝ። እሺ። ቪዲዮውን ያውርዱት ስልዎት ግን «ኦኬ፣ ግን እሱ ክፍል ነው ብዙ ቪው ያገኘው፤ ሰው በጣም አልቅሶበታል» አሉኝ። ጭራሽ በሦስተኛው ቀን ፖስት ባደረጋችሁት አዲስ ቅጂ ጋሽ ብዙነህ ካፖርቱን ለብሰው ይታያሉ፤ ሲያወልቁት አይታይም። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ዋሽንት ነው። ከዚያ በኋላ አሁንም ሻማው አለ። አንድን ሰው በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዝም ማሰኘት፣ አንዴ በሕይወት ሳለ አንዴ በሞቱ፣ የዚያ የማርሽ ዘመን ሰዎች እንኳ ያልደረሱበት ብልኀት ነውና እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። ለምን ያን ዘመን «ደጉ» እንደምትሉት የገባኝም ያኔ ነው። ለእናንተ ደግ ነበር።

ምስጋናዬ ግን አላለቀም። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሩመይሳም ነበረች፤ ፊልሟን ብትመልሱባትም የሌሎቹን ለማየት መጥታ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሾርላይን ድረስ መጥታ ጋሽ ብዙነህን በአዲስ ፊልሟ እንዲጫወቱላት ጠየቀቻቸው። እኔም ነበርኩ። ጋሽ ብዙነህ ፈገግ ብለው «ምን ልሆንልሽ? ስለ ድሮ የሚያወራ አያት ነው አይደል?» አሏት።

«አይ ጋሼ፣ ሌባ ነዎት» አለቻቸው።

«ምን?»

«በአፓርትመንት ውስጥ የሰው በር ላይ የተቀመጠ የፖስታ ዕቃ የሚሰርቁ ሽማግሌ። ማንም አይጠረጥርዎትም።»

ጋሽ ብዙነህ አክሱማዊትን አዩ፣ እኔን አዩ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጠባቂ ሆኜ ስለ ሌላው ሌብነት ተጠየቅኩ» አሉ። «እስቲ አንዴ ራሴ ልስረቅ።»

እኔ በምኖርበት ሬንተን ባለው አፓርትመንት እየተቀረጸ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ካሜራውን ያላየ አንድ ጎረቤታችን ጋሽ ብዙነህን ካርቶን ታቅፈው ሲሄዱ ይዟቸው ፖሊስ ሊጠራ ነበር። እሳቸው ግን ገጸ ባሕርያቸውን ሳይለቁ ሰውየውን አሳምነው ካርቶኑን እስከ መኪናዬ አሸክመው አስጫኑት። ሩመይሳ ይህን ሁሉ ቀርጻዋለች። ያን ቀን ወደ ቤት ስመልሳቸው ስለ ድሮ አንድ ቃል አላወሩም፤ ነገ ስለሚሰርቁት ነበር የሚያወሩት።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሻማውን ያጥፉ። አክሱማዊት ዘንድ በእግርዎ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ፤ ካሜራ ይዘው እንዳይሄዱ። የተቆረጠውን ንግግር በሙሉ ድምፁ ይመልሱ። ይህን ካላደረጉ ያን ዕለት ብድግ ብለው ካጨበጨቡት መካከል በስልካቸው የቀረጹ እንዳሉ፣ እነሱም ስልካቸውን ባለመዝጋታቸው ዛሬ እጅግ የምናመሰግናቸው መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ለሥልጣንዎ መጽናት፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ ለማይክዎም ፈጣን ፈውስ ከልብ እየተመኘሁ፣ ፊትዎን ዳግም መድረክ ላይ የማላይበትን ቀን በናፍቆት የምጠብቅ፣

ትሑት ተመልካችዎ
ሣህሊቱ ሕዝቅኤል
ሬንተን

ማስታወሻ፦ ሩመይሳ ለአንድ አነስተኛ ቦታ ተዋናይ አጥታለች። ገጸ ባሕርይው የአፓርትመንቱ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ሌባው ዐይኑ እያየ ዕቃ ሲወስድ እሱ ስብሰባ ላይ ስለ መልካም ጉርብትና ይናገራል፣ ማንንም አይሰማም። የእርስዎን ስም ሰጥቻታለሁ። ልምምድ ያስፈልግዎ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ እንዲያው እንዳሉ ይምጡ ብያታለሁ።